ሁለት ስም በአንድ መስመር

ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በ1972 ዓ.ም. የጥቅምት ወር፣ ሃያ ሦስት የቀጋ አበቦች በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ታስረው ነበር። ጨርቁ በክር ተጠፍሯል፤ ከክሩ ጫፍ አውራ ጣት የምታህል ቆርቆሮ ተንጠልጥላለች፤ በቆርቆሮዋም ላይ በሚስማር የተጫረ ጽሑፍ ይታያል።

አስቻለች በነአኩቶ ለአብ ለሚኖሩት መነኩሲት አክስቷ፣ ለእማሆይ ባንችይርጋ፣ ስንቅ ይዛ ስታልፍ ይህን አየች። የመሪጌታ ተክለ ሚካኤል ልጅ ነበረችና በቁጥቋጦ ላይ ክር እያሰረ ስም የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ተነግሯታል። አማተበች፤ ስንቁን ከድንጋይ ላይ አኖረች፤ ከዚያም መተቱን አንድ በአንድ ትፈታው ጀመር። እሾሁ እጇን ቧጠጣት፤ እርሷ ግን አልተወችም። ሃያ ሦስተኛውን ፈትታ ስትዞር አንድ ቀጭን ወጣት የዶሮ ላባ በእጁ ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። የሚያየው እርሷን ሳይሆን አበቦቹን ነበር።

«ጨረስሽ?» አላት።

«ጨርሻለሁ። ብታስረውም እንደገና እፈታዋለሁ።»

«በማን ላይ ያሰርሁት መሰለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ? ስሙን የጻፍኸው አንተ ነህ።»

«እንግዲያው አንብቢዋ።»

ቆርቆሮዋን ወደ ዓይኗ አቀረበች። ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር። እንደ ምንም ፊደሎቹን ለይታ «ቀጋ ቀዮ» ብላ አነበበች፤ ቀዮ ማን እንደ ሆነም ጠየቀችው።

«በሆቴሉ ግቢ ያለው ቀይ ጽጌረዳ ነው» አለ ወጣቱ፤ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እናቲቱ ቀጋ ናት፣ አባትየው ቀዮ ነው። ልጃቸው ገና አልተወለደም ነበር። አሁንማ አይወለድም።»

ወጣቱ ምስጋኑ ከፋለ ይባላል፤ የብልባላ ሰው ነው። የእርሻ ትምህርት ተምሮ ከወንዙ ዳር ላለው የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ከተላከ ገና ዓመት አልሞላውም። ሥራውን በዝግታ አስረዳት። ከውጭ የመጣው ጽጌረዳ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የላስታ ውርጭ በየዓመቱ ያነደዋል። ቀጋ ደግሞ ውርጩንም ድንጋዩንም ይችላል፤ አበባው ግን አምስት ቅጠል ብቻ ነው። የሁለቱን ጠባይ በአንድ ተክል ላይ ለማዋሐድ፣ የቀጋው እንቡጥ ሳይፈነዳ የራሱን ብናኝ ከውስጡ ለቅሞ ያወጣል፤ የቀዮን ብናኝ በላባ ይቀባዋል፤ ከዚያም ንብ መጥታ ሌላ ዘር እንዳትቀላቅልበት በጨርቅ ይሸፍነዋል።

«ታዲያ ጨርቁ ለንብ ነዋ» አለች አስቻለች፤ ድምፅዋ ቀነሰ።

«ለንብ በቂ ነበር። ለመሪጌታ ልጅ ግን አልበቃም።»

መሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። እርሱ ግን አይቷል፤ ያየውንም ነገር ከዚያ ቀን በኋላ ሊረሳው አልቻለም።

በማግሥቱ አሮጌ ነጠላዋን ቀድዳ፣ ብጣሹን አጥፋ ይዛ መጣች። ገና ያልፈነዱ ዐሥራ አንድ እንቡጦች ከቁጥቋጦው ጫፍ ቀርተው ነበር። እርሱ ላባውን ሲቀባ እርሷ ጨርቁን አሰረች። የቆርቆሮዎቹንም ጽሑፍ እርሷ ጻፈችው፤ ከአባቷ የብራና አጻጻፍ ተምራ ነበርና ፊደሏ በሚስማር እንኳ ሲጫር ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር። ምስጋኑ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። በወሩ ውስጥም ለጣቢያው ጸሐፊ እንደሚያስፈልግ ለአለቆቹ ጻፈ፤ አስቻለችም ተቀጠረች።

*

ከዐሥራ አንዱ ስድስቱ ፍሬ ያዙ። ፍሬው በመጋቢት ቀላ፤ ዘሩ በእርጥብ አሸዋ ተቀብሮ የሚቀጥለውን ዓመት የብርድ ወራት አሳለፈ፤ በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ዘጠኝ ቡቃያ ወጣ። ሁለቱም በየማለዳው መጀመሪያ የሚያዩት እነዚህን ዘጠኙን ነበር። ጎን ለጎን ሲንበረከኩ የነጠላዋ ጥለት ክንዱን ይነካዋል፤ እርሱ ክንዱን አያነሣም፤ እርሷም ነጠላዋን አትሰበስብም። ይህ ሁሉ ያለ ቃል ነበር።

በአንድ የዝናብ ቀን በሣር ዳሱ ሥር ተጠልለው ሳለ፣ ቀዮን ከራሱ እህት ጋር ቢያዳቅለው ምን እንደሚሆን ጠየቀችው። እናትና አባቱ እጅግ የተቀራረቡ ተክል ልጁ እንደሚደክም ነገራት፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ግንዱ ይቀጭጫል፣ ፍሬውም ባዶ ይሆናል።

«ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ትላለች» አለች አስቻለች። «ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም።»

«ልክ ናት» አለ ምስጋኑ፤ መምህሮቹ ያስተማሩትና አባቶች የደነገጉት አንድ ሆኖ በመገኘቱ ደስ ብሎት ነበር። እርሷም ደስ አላት። የሚቆለፍባቸውን በር በገዛ እጃቸው እየጠረቡ እንደ ነበር ሁለቱም አላወቁም።

በ1974 ዓ.ም. ጥር ወር፣ የጥምቀት ሰሞን ካለፈ በኋላ፣ ምስጋኑ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ መሪጌታ ቤት ላከ። አባቱ ከፋለ እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ስላረፈ፣ እናቱም ከሩቅ አገር የመጣች ስለ ነበረች፣ ሽማግሌዎቹን የመረጠው ራሱ ነው።

መሪጌታ ተክለ ሚካኤል ሚስታቸውን በሞት ያጡ፣ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። በዜማ ዐዋቂነታቸው የተከበሩ ናቸው፤ በላስታ ምድር የዝምድና ቆጠራ ጥርጥር ሲነሣ የሚኬደውም ወደ እርሳቸው ነው። ሽማግሌዎቹን በደስታ ተቀበሉ። ወጣቱን በጣቢያው አይተውት ሥራውን ወድደውለት ነበርና ፊታቸው ፈክቶ ነበር።

«የብልባላ የማን ወገን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌው በጣቱ እያጠፈ ቆጠረ። «ምስጋኑ፣ አባቱ ከፋለ፣ የከፋለ አባት ጋሻዬ፣ የጋሻዬ አባት ሀብቴ፣ የሀብቴ አባት ወልደ ኪዳን።»

የመሪጌታ ፊት ጨለመ። ተነሥተው ከማኅደሩ ውስጥ አንድ አሮጌ ዳዊት አወጡ። በመጨረሻው ባዶ ብራና ላይ የቤተሰቡ ስም ከላይ ወደ ታች ተጽፏል። ከሁሉ በላይ የእናታቸው የብርቅዬ አባት ስም አለ፤ በልጅነቱ ከሩቅ ለትምህርት መጥቶ እዚያው አግብቶ በወጣትነቱ የሞተ ተማሪ ነበርና፣ የአባቱን ስም ከዚህ ጽሑፍ በቀር የሚያስረዳ ነገር አልነበረም። መሪጌታ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አኑረው አነበቡ።

«ደባሱ ወልደ ኪዳን።» ቀጥለውም ቆጠሩ። «አስቻለች፣ እኔ፣ እናቴ ብርቅዬ፣ አባቷ ደባሱ፣ የደባሱ አባት ወልደ ኪዳን። በአምስት ቤት ይገናኛሉ። ልጆቼ፣ ይህ ነገር አይሆንም።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ወልደ ኪዳን የሚባል ሰው በአገሩ ብዙ እንደ ሆነ ሊናገር ጀምሮ ነበር፤ መሪጌታ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ይህ ጉዳይ ዛሬ አልተጀመረም» አሉ። «ከሃያ አራት ዓመት በፊት የዚሁ ልጅ አጎት፣ አረጋ የሚባል፣ እኅቴን ባንችይርጋን ጠይቆ ነበር። ያን ጊዜም ይህንኑ መስመር ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ የዐሥራ ሰባት ዓመት ዲያቆን ነበርሁ። በገዛ እኅቴ ላይ የፈረድሁትን ለልጄ ብዬ አልሽረውም።»

አስቻለች ከመጋረጃው በስተጀርባ ቆማ ሁሉንም ሰማች። አክስቷ በሃያ ዓመታቸው ለምን እንደ መነኮሱ ያወቀችው ያን ቀን ነው። ምስጋኑም ወደ ሁመራ ለአዝመራ ወርዶ በንዳድ የሞተው አጎቱ ለምን አገሩን ጥሎ እንደ ሄደ የሰማው ከሽማግሌዎቹ አፍ ነበር።

*

መሪጌታ ልጃቸውን ከሥራዋ አላስቀሯትም። «ልጄ ሕግ ታውቃለች» አሉ እንጂ። ቢከለክሏት ይቀላት ነበር፤ መታመን ግን አባቷ በሌሉበት ሁሉ የሚከተላት ዘበኛ ሆነባት።

የጣቢያው ግቢ ከዳር እስከ ዳር ሰማንያ እርምጃ ነው። በዚያች ግቢ ውስጥ ሁለቱ በየቀኑ ሳይነካኩ ይሠሩ ነበር። ዙሪያቸውን በእሾህ ታጥረዋል፤ ከእሾሁ ውጭ ገደሉ አለ፤ ከገደሉ ውጭ ያለ ይለፍ ወረቀት የማይወጣበት መንገድ አለ። ከዘጠኙ ቡቃያ አምስቱ ሞቱ፤ አራቱ ግንድ አወጡ። ምስጋኑ አጠገባቸው ሲደርስ እርሷ ወደ መዝገቡ ትመለሳለች፤ እርሷ ስትመጣ እርሱ ወደ ውኃው ይወርዳል። የነጠላዋ ጥለት ከእንግዲህ ክንዱን አልነካውም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሙሉሃብት ነገሩን ሰማ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ከአውራጃው ለሚመጡት ካድሬዎች የሚያሳየው ሥራ ይፈልግ ነበር። አንድ ቀን ወደ ጣቢያው መጥቶ፣ ሰባት ቤት የሚባለው የአድኃሪዎች ቆጠራ መሆኑን አስረዳቸው፤ በቀበሌው አዳራሽ በባንዲራ ፊት እንደሚያጋባቸውና አንድ በግ እንደሚያርድላቸውም ቃል ገባ።

«መሪጌታ ሰባት ድረስ ይቆጥራሉ፤ እኔ አንድ ማኅተም ብቻ ነው የምመታው» ብሎ ሳቀ። ለማሰብ ጊዜ ሰጥቷቸው ሄደ።

አስቻለች የሊቀ መንበሩ ኮቴ እስኪርቅ ጠበቀች።

«ምን ትላለህ?»

ምስጋኑ የያዘውን መቀስ አስቀመጠ። «አንቺስ?»

«እኔ መጀመሪያ አልናገርም። አንተ ነህ ወንዱ።»

«አስቻለች፣ እኔ አበባን እንኳ ወገኑን ሳላጣራ አላዳቅልም። አንቺን…»

«እኔ ቀጋ አይደለሁም» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ደግሞም እንቢ ማለትህ ልክ መሆኑን ስለማውቅ ነው የተናደድሁብህ። ብትሳሳት ኖሮ ይቅር እልህ ነበር።»

ምስጋኑ መቀሱን አነሣ። ሁለቱም በየፊናቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ለወራት ከሥራ ጉዳይ በቀር አልተነጋገሩም።

በ1975 ዓ.ም. ጥቅምት አጋማሽ ላይ ደብዳቤ መጣ። ምስጋኑ ወደ ምዕራብ፣ አሶሳ ወዳለው የሰፈራ ጣቢያ ተዛውሯል፤ እስከ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን ላሊበላን መልቀቅ ይኖርበታል። መንገዱ ከዓመት ወደ ዓመት እየተዘጋ ነው፤ የይለፍ ወረቀት የሚሰጠው ለሠራተኛውና ለሕጋዊ ሚስቱ ብቻ ነው። ኅዳር ዐሥራ አምስት ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ በጾም ተክሊል የለም። ስለዚህ ያልሆነው ነገር በእነዚያ ቀናት ካልሆነ ዳግመኛ አይሆንም ነበር። ምስጋኑ ደብዳቤውን ለአስቻለች አሳያት፤ እርሷም በመዝገብ ቁጥር ጻፈችበትና መለሰችለት።

በዚያው ሳምንት ከአራቱ አንዱ አበበ።

*

አበባው ንጣትም ቅላትም የለየለት አልነበረም፤ ጎሕ ሲቀድ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ የሚታየውን ቀለም ይመስል ነበር። ቅጠሎቹ ሃያ ሁለት ናቸው። የሌሊቱ ውርጭ የጓሮውን ድንች አጠውልጎት አድሮ፣ እርሱ ግን ጤዛውን ተሸክሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ምስጋኑ ሦስት ዓመት የጠበቀውን ነገር አይቶ ደስ ሊለው አልቻለም።

ሊቀ መንበር ሙሉሃብት ሊጎበኝ መጣ። ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮዋን አነበባት።

«ቀጋ ቀዮ። አባቷ ቀዮ፣ ስሟ ቀጋ። እንዴት ያለ የሰው ስም አውጥታችሁላታል!»

«አይደለም፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለች አስቻለች፣ ልማድ በሆነ ድምፅ። «ሁለቱም ወላጆቿ ናቸው። ሁለት ስም በአንድ መስመር ቢቆም፣ ኋለኛው የግድ የፊተኛው አባት አይደለም። የጻፈው ሰው በምን ሥርዓት እንደ ጻፈ ነው መታወቅ ያለበት።»

የገዛ ቃሏ ከራሷ ጆሮ እንደ ሌላ ሰው ቃል ደረሰ። ሙሉሃብት ሌላ ነገር ይጠይቃት ነበር፤ አልሰማችውም። መዝገቡን እንደ ተከፈተ ትታ ዳገቱን ወደ ቤቷ ወጣች።

አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዳዊቱ በመቀመጫቸው ላይ ተዘርግቶ አገኙት።

«አባባ፣ እባክዎ ይህን ያንብቡልኝ።»

«አንብቤው የለም እንዴ?»

«እንደገና። ከላይ ጀምረው።»

ጣታቸውን አኖሩ። «ደባሱ ወልደ ኪዳን።» ወደ ቀጣዩ መስመር ወረዱ። «ብርቅዬ ወለተ ማርያም።»

«ወለተ ማርያም የማን ስም ነው?»

«የእናቴ የክርስትና ስም ነዋ።»

«ከታች ያለውንስ? እርስዎ ራስዎ የጻፉትን?»

«አስቻለች አመተ ጊዮርጊስ። ክርስትና ስትነሺ የወጣልሽ ስም ነው። ልጄ፣ ምን ሆነሻል?»

«የሴቶቹ ሁለተኛ ስም የክርስትና ስም ከሆነ፣ አባባ፣ ወልደ ኪዳን የማን ስም ነው?»

መሪጌታ ወደ ብራናው አጎነበሱ። ጣታቸው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው፣ ከሌላውም ወደ ፊተኛው ተመላለሰ። የላይኞቹ ሁለት መስመሮች ቀለም አንድ ነው፤ የጸሐፊው እጅ አንድ ነው፤ በስሞቹ መካከል ከሁለት ነጥብ በቀር «ልጅ» የሚል ቃል የለም። ጸሐፊው የደባሱን የዓለም ስምና የክርስትና ስም ጎን ለጎን አኑሮ ነበር፤ አንድ ሰው ነበር፤ ደባሱ ራሱ ወልደ ኪዳን ነበር። ከብልባላው ወልደ ኪዳን ጋር ያገናኘው የስሙ መመሳሰል ብቻ ነው። መሪጌታ ቀስ ብለው ጥምጥማቸውን አወለቁና በጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«የሴቶቹን በክርስትና ስም አነበብሁ» አሉ፤ «የወንዱን ግን በአባት ስም።» ከዚያም፣ አስቻለች የጠበቀችው ስለ እርሷ እንዲናገሩ ሲሆን፣ የተናገሩት ሌላ ስም ነበር። «ባንችይርጋ» አሉ።

ይሁን እንጂ ሰውዬው ሕግ ዐዋቂ ናቸውና አንዱን ስሕተት በሌላ ችኮላ አልሸፈኑም። የደባሱ አባት ወልደ ኪዳን ካልሆነ ማን እንደ ሆነ መታወቅ ነበረበት። ብርቅዬ በሕይወት ሳለች አባቷ ከኩልመስክ ወገን መምጣቱን ትናገር ነበር። ስለዚህ መሪጌታ የይለፍ ወረቀት ለመጠየቅ ወደ ቀበሌ ወረዱ፤ ከአብዮቱ ወዲህ በገዛ ፈቃዳቸው ያንን ደጅ ሲረግጡ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

«ለምን ጉዳይ ነው የሚሄዱት?» አላቸው ሙሉሃብት።

«የአያቴን አባት ልፈልግ።»

«ጠፍተው ነው?»

«እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው።»

ሊቀ መንበሩ ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ ፊታቸውን አይቶ ግን ተወው። ማኅተሙን በትንፋሹ አሙቆ መታላቸው። በወረቀቱም ላይ በጉዳዩ ፈንታ «ቤተሰብ ጥየቃ» ብሎ ጻፈ።

በስድስተኛው ቀን ተመለሱ። እግራቸው ቆስሏል። በኩልመስክ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ የደባሱን ወገን በቃላቸው ያውቁ ኖሯል፤ አባቱ ደምለው ይባላል፤ ከደባሱ በቀር ከወገኑ ማንም ከዚያ ከግዳን ምድር ወጥቶ አያውቅም። በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ አልተገናኘም።

*

መሪጌታ ለምስጋኑ ከመናገራቸው በፊት ዳዊቱን አንግተው ወደ ነአኩቶ ለአብ ወረዱ። አስቻለች ስንቁን ይዛ ከኋላቸው ተከተለች። እማሆይ ባንችይርጋ ከጎጇቸው ደጅ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ወንድማቸው በእኅታቸው እግር ሥር፣ በባዶ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ነገሩንም ሳይቀንሱ ሁሉንም ነገሯቸው።

እማሆይ እንዝርታቸውን አላቆሙም። ክሩ ግን ተበጠሰ።

«እስቲ አንብብልኝ» አሉ።

መሪጌታ ዳዊቱን ገለጡ። «ደባሱ፤ በክርስትና ስሙ ወልደ ኪዳን።»

«ያን ጊዜ እንዲህ አድርገህ ለማንበብ ስንት ሰዓት ይፈጅብህ ነበር?»

መሪጌታ ዳዊቱን ዘጉ።

«ድምፅህ ያማረ ነበር» አሉ እማሆይ። «እንደ ዜማ አድርገህ ነው ያነበብኸው። አባታችን አለቀሰ፤ አረጋም ቆቡን አንሥቶ ወጣ። እኔም የፈረደብኝ እግዚአብሔር ነው ብዬ ወደ እርሱ መጣሁ።»

«እትዬ» አሉ መሪጌታ፤ ከመነኮሱ ወዲህ በዚህ ስም ጠርተዋቸው አያውቁም። «ምን ላድርግ? የምትይኝን አደርጋለሁ።»

እማሆይ የተበጠሰውን ክር ይቀጥሉ ጀመር። አስቻለች ስንቁን እንደ ያዘች ቆማለች። በዚያች ሰዓት አክስቷ አንዲት ቃል ቢናገሩ፣ የደረሰባቸው የሃያ አምስት ዓመት በደል በእርሷ ላይ ሊቆለፍ እንደሚችል ታውቃለች፤ አባቷ ያንን ቃል እንደሚፈጽሙም ታውቃለች።

«ልጅቷን በተክሊል አጋባት» አሉ በመጨረሻ። «የእኔንም ስሕተት የጌታ ጥሪ ነው ብለህ እንዳታስጌጥልኝ። ስሕተት ነው። እኔ ግን ወደ እርሱ ከመጣሁ በኋላ አልተመለስሁም፤ ይህ የእኔ ነው፤ ያንተ አይደለም።» ከዚያም ወደ አስቻለች ቀና አሉ። «ምን ቆመሻል? ሂጂ ንገሪው። ወይስ እርሱንም መሪጌታ ያንብቡለት?»

አስቻለች ስንቁን አስቀምጣ ሮጠች። ምስጋኑ በችግኝ ጣቢያው ዕቃውን በሣጥን ውስጥ ሲያስር አገኘችው። የምትናገረውን በመንገድ ላይ አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት።

«ደባሱ ወልደ ኪዳን አንድ ሰው ነው» አለችው፣ እያለከለከች።

አልገባውም። እንደገና ከመጀመሪያው ነገረችው። ሲገባው በሣጥኑ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እርሷም አጠገቡ ተቀመጠች። የነጠላዋ ጥለት በክንዱ ላይ ዐረፈ፤ ማንም አላነሣውም።

ኅዳር ስምንት ቀን በተክሊልና በቁርባን ተጋቡ። ሙሉሃብት በጉን ወደ ሠርጉ ቤት ይዞ መጣ፤ ባንዲራውን ግን ትቶት ነበር። ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን፣ አንድ ይለፍ ወረቀት ለሁለት ይዘው፣ በመንግሥት መኪና ወጡ። ወደ ላስታ የሚመለሱበት ቀን ስለ መኖሩ ማንም አልተናገረም፤ መሪጌታም መኪናው ከዓይናቸው እስኪሰወር ቆመው ነበር።

ምስጋኑ ከመሄዱ በፊት ያበበውን ተክል ነቅሎ በእማሆይ ጎጆ ደጅ ተክሎት ነበር። ስም የማውጣቱንም ነገር ለእርሳቸው ተወው። መሪጌታ ከሽኝቱ በኋላ አዲስ ቆርቆሮና ሚስማር ይዘው ወረዱ።

«ምን ልጻፍበት?»

እማሆይ ተክሉን አዩት። «እኔ በመነኮስሁ ጊዜ ፍትሐት ተፈትቶልኛል፤ ለዓለም የሞትሁ ነኝ። እርሱም ሞቷል። የሁለት ሙታንን ስም ጎን ለጎን መጻፍ የሚከለክል ሕግ አለ?»

«የለም» አሉ መሪጌታ፤ «አንብቤ…»

«አንብቤዋለሁ አትበለኝ።»

መሪጌታ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለዩ፣ በሁለቱ ስሞች መካከል ሁለት ነጥብ አኑረው ጻፉ። ባንችይርጋ ፡ አረጋ።

ተክሉ ውርጩን ችሎ በየዓመቱ በጥቅምት ያብባል። ወደ ነአኩቶ ለአብ የሚመጡ ተሳላሚዎች አበባውን አይተው ይደነቃሉ፤ ቆርቆሮዋንም አንብበው፣ አባታቸው አረጋ ይባሉ እንደ ሆነ እማሆይን ይጠይቃሉ። እርሳቸውም እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣

«ደኅና አድርጋችሁ አንብቡት» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም።